አንድ ሠንጠረዥ ለማረም ኬሚስትሪ ተማርኩ

ጡረታ የወጣሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ረቡዕ ጠዋት ከጎፋ ታክሲ ይዤ መጽሐፍ ተራ ሄድኩና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገዛሁ። ሻጩ አቧራውን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ሰጠኝና፣ «ለልጅ ነው ጋሼ?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል። ሽፋኑን ገልጬ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ የታተመበትን ዓመትና እትሙን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ ግን ሳቁን ተወ። «ትክክለኛው እኮ ነው! ማንን ላታልል ነው?» አለ ቅር ብሎት። እሱን አልጠረጠርኩትም፤ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ያንን የመሰለ ደቃቅ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሳላነብ አልፌ፣ በሠላሳ ሦስት የሥራ ዓመታት ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ከባዱን ሠርቻለሁ።

ጋዜጣ ቤት የገባሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ፍርድ ቤት ላይ ነበር። ዜናው ሁሉ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት በአንዲት አራሚ እጅ ያልፍ ነበር። እትዬ ሙሉ ይባላሉ። አጠር ያሉ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን ፀጉራቸው ውስጥ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ የሚፈልጉ ሴት ነበሩ። ማንኛውንም ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ አይጀምሩም። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ያያሉ፤ ማን ፈረመ፣ ማኅተም አለው ወይ። ከዚያ የሽፋኑን ጀርባ ያያሉ። ከዚያ ነው ወደ ፍሬ ነገሩ የሚገቡት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የፍርድ ውሳኔ ነው ብዬ አንድ ሰነድ ይዤላቸው መጣሁ። ዜናውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ርዕስ ሁሉ አውጥቼለታለሁ። ሰነዱን ገልበጥ አድርገው የመጨረሻውን ገጽ አዩና በግንባሩ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«መላኩ፣ ይሄን ያነበብከው ከየት ጀምረህ ነው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እሱማ ልቦለድ ነው ከመጀመሪያው የሚነበበው። ይሄ ውሳኔ አይደለም። ጠበቃው እንዲወሰንለት የሚፈልገውን ነው የጻፈው። ዳኛ የፈረመበት የታለ?»

አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ደብተሬን በመስመር ሦስት ቦታ እንድከፍል አዘዙኝ፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትኩት። ዜና ይዤ ስሄድ ደብተሩን ይቀበሉኝና ሦስተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው ከረዘመ ሳያነቡ ይመልሱልኝ ነበር።

ከፍርድ ቤት ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ክፍለ ሀገር ወኪልነት፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ ከተማ ዜና ተዛወርኩ። ደመወዙ የትም ቦታ የሚወራለት ስላልነበረ አላወራለትም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዋና አዘጋጅ ሆኖ የመጣው በዕድሜ ብዙ የሚያንሰኝ ደረጀ የሚባል ሰው ነው። «ጋሽ መላኩ፣ የትምህርት ዜና ላይ ብትሆን ታርፋለህ» አለኝ። ለማሳረፍ ይሁን ለመገላገል አልጠየቅኩትም።

አላረፍኩም። ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ የጀመረ አንድ ነገር ነበር፤ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላም አልቆመም። ተማሪዎች ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን በነፃ ከኢንተርኔት ቪዲዮ ይማራሉ። ነፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ አራት ልጆች አንድ ሻይ አዝዘው፣ በካፌው ዋይፋይ የሳምንቱን ትምህርት ሲያወርዱ አየሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዷን ስለ መምህሯ ጠየቅኳት። ስሙንም መልኩንም አታውቅም። የምታውቀው እጁን ብቻ ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ የሚጽፍ እጅ። «ሲሳሳት በሁለት መስመር ነው የሚሰርዘው፤ ጎበዝ መምህር እንደዚያ ነው» አለችኝ። መልኩን የማታውቀውን መምህር በስርዙ የምታውቅ ተማሪ ከዚያ በፊት አጋጥማኝ አታውቅም። ወደ ቢሮ ስመለስ ደብተሬ ውስጥ የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ ነበር።

ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ አንድ ነበር። ቪዲዮው መብዛቱ። የትኛው ለየትኛው ምዕራፍ እንደሚሆን የሚነግር የለም። መጻሕፍቱም በዚያው ሰሞን ተለውጠው ነበር፤ በፊት አንድ ክፍል ላይ የነበረ ምዕራፍ ሌላ ክፍል ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ በጋዜጣው ላይ ሠንጠረዥ ላወጣ አሰብኩ፤ በግራ የመጽሐፉ ምዕራፍ፣ በቀኝ የሚስማማው ቪዲዮ። ከኬሚስትሪ ጀመርኩ። አዲሱን መጽሐፍ ስፈልግ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ፋይሉን ላከልኝ። ሽፋኑ ላይ የክፍሉና የትምህርቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። ማውጫውን ገልብጬ፣ ለየምዕራፉ በርዕሱ የሚመሳሰል ቪዲዮ ፈልጌ፣ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ደረጀ ወደደው። ሙሉ ገጽ ሰጠኝ። ሰዎች ቆርጠው ያዙት፤ ፎቶ አንሥተው ተላላኩት።

ብሔራዊ ፈተናው አልፎ፣ ውጤት ከተነገረ ሳምንት ሳይሞላ የበሩ ጥበቃ ደወለልኝ።

«ጋሽ መላኩ፣ አንዲት ሴት ትፈልግሃለች። የተቆረጠ ጋዜጣ ይዛለች።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። ግን ብትወርድ ይሻላል፤ ፊቷን ሳየው ደስ አላለኝም።»

ወረድኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር እንደ ነጠላ ያጣፋች ሴት ቆማለች። ጫልቱ ትባላለች። በኋላ እንዳወቅኩት ሀና ማርያም ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። የአባቷ ቤተሰብ ሰፈሩ ሰፈር ከመሆኑ በፊት እዚያው ሲያርስ የኖረ ነው፤ ከሱቋ ጀርባ ባለው ግቢ አሁንም ሁለት ላሞች አሉ።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ከቦርሳዋ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አወጣችና ከጋዜጣው ቁራጭ ጎን አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩኝ። ፖሊመር የት አለ?»

ሠንጠረዡን አየሁ። መጽሐፉን አየሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ፖሊመር የሚል ሙሉ ምዕራፍ አለ። በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ሌላም የጎደለ ምዕራፍ ነበር። በእነዚያ ፈንታ እሷ መጽሐፍ ውስጥ የሌሉ ሁለት ርዕሶች አሉ።

«በግሌ ነው የምፈተነው» አለች። «መጽሐፉን ራሱ ያገኘሁት ፈተናው ሊደርስ ሲል ነው። እስከዚያ ያጠናሁት በዚህ ነው። ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌው ነበር። ያሉኝን ሁሉ ጨርሻለሁ። ሰው ከመውቀሴ በፊት ግን አንድ ነገር ልወቅ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ጎደሎው ከእኔ ነው ከእርስዎ?»

ይህንን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌሎችን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። «ይጠብቁኝ» አልኳትና ወደ ቢሮ ወጣሁ። ፋይሉን ከፈትኩ። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ ከታች፣ በደቃቁ እንዲህ ይላል፦ ለውይይት የተዘጋጀ ረቂቅ። ማን እንዳዘጋጀው፣ ከየት እንደወጣ እንኳ አይናገርም። እትዬ ሙሉ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ገጽ ነበር። እሳቸው ከተለዩን ጥቂት ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ ልማዳቸውን ይዤ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።

ወርጄ ነገርኳት። «ከእኔ ነው።»

ቁራጩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እሺ» አለች። «ቢያንስ ታወቀ።»

ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ነበር የቀራት። የወደቀችው በእኔ ሠንጠረዥ ነው ልል አልችልም፤ የየትኛውን ጥያቄ መልስ እንደሳተች የማውቅበት መንገድ የለኝም። ማለት የምችለው ሁለት ምዕራፍ በእኔ ምክንያት ሳታጠና መግባቷን ነው። ያ ለእኔ ይበቃኛል።

ደረጀ ዘንድ ገብቼ ሠንጠረዡ ታርሞ በሙሉ ገጽ ይውጣ አልኩት።

«ጋሽ መላኩ፣ እርማት ይበቃል። ሙሉ ገጽ ደግመን ካወጣን ሰው ሌላውንም አያምነንም።»

«እንዲያምነን አይደለም እንዴ የምናርመው?»

«አንተ ልትወጣ ነው። ነገ ከአንባቢ ጋር የምፋጠጠው እኔ ነኝ።»

እርማቱ በአራት መስመር፣ ሊብሬ ጠፋብኝ ከሚሉት ማስታወቂያዎች ሥር ወጣ። ደረጀን ክፉ ሰው ለማድረግ አልጽፍም፤ ጋዜጣው በዚያ ዓመት ገጽ እየቀነሰ ነበር፣ እሱም እንቅልፍ አልነበረውም። ግን አራት መስመር ሙሉ ገጽን አያርምም። ጋዜጣውን ይዤ ሀና ማርያም ሄድኩ፤ እርማቱን በእጄ ልሰጣት።

«አየሁት» አለችኝ ጫልቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። «መነጽር አስፈልጎኝ ነበር።»

ታናሽ እህቷ ጨርቅ እየቆረጠች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጫልቱ ሰማያዊ እጅጌ እየሰፋች ሁኔታዋን ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ማጥናት ነው የምትፈልገው። አንዱ ትምህርት ቤት የሚያስሰፋው ሰማያዊ ጨርቅ በሁለት እጥበት ቀለሙ ይለቃል፤ የሌላው ሦስት ዓመት ይቆያል። ነጋዴውን ብትጠይቅ አያውቅም። እናቶች ደግሞ የሚቆጡት እሷን ነው። «ለምን እንደሚለቅ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። «በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።» ስታጠና ሱቁን የምትይዝላት እህቷ ናት፤ እህቷ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አግብታ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ፈተና ብቻ ነው የቀራት። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም።

«ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ልሥራልሽ» አልኳት።

«በዚያው ዓይነት አሠራር?»

ትክክል ነበረች፤ ችግሩ ረቂቁ ብቻ አልነበረም። ቪዲዮዎቹን ያዛመድኩት በርዕሳቸው ነው፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። የቪዲዮ ርዕስ ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ ውስጥ ያለውን ዕቃ አያሳይም። አንድ ትምህርት ከምዕራፉ ጋር መግጠሙን ለመናገር ትምህርቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ በማግሥቱ መጽሐፉን የገዛሁት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። መምህሩ በእርጋታ ይጽፋል፣ እኔ እየነቀነቅኩ እከተላለሁ። አንድ ቀን እንደ ዜና ላጣራው ብዬ አንዱን ትምህርት ሦስት ጊዜ አየሁና በማግሥቱ ጠዋት ባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን ጻፍኩ። አራት መስመር ወጣኝ፤ ሁለቱ ስህተት ነበሩ። ገባኝ ያልኩት ነገር የገባው ለመምህሩ ነበር። ይህ በጣም ገረመኝ። ስንት ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጌ፣ እየነቀነቅኩ አዳምጬ፣ ገብቶኛል ብዬ ጽፌ ይሆን?

ጫልቱ ስነግራት አልገረማትም። «አይተዋል እንጂ አልተማሩም ጋሼ» አለችኝ። የራሷን አሠራር አሳየችኝ። ረጅም ቀጥ ያለ ስፌት ላይ ሳለች በጆሮዋ ታዳምጣለች። ቀመር ሲመጣ ፔዳሉን ታቆምና በልብስ ጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ ጨርቁን ታራግፈዋለች። ጠመኔው ይጠፋል። እንደገና ካልጻፈችው ቪዲዮውን ወደ ኋላ ትመልሳለች። መጀመሪያ በአማርኛ የሚያስረዳውን የእኛን አገር መምህር ታያለች፣ እንዲገባት፤ ቀጥሎ የውጭውን በእንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱን ቀንሳ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ። «ሰውየው ቀስ ሲል የሰከረ ይመስላል» ትላለች፤ እውነትም ይመስላል።

እንዲህ ተስማማን። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቋ እሄዳለሁ። ለሠንጠረዡ የመረጥኩትን ትምህርት ስልክ ሳልከፍት በቃሌ አስረዳታለሁ፤ እሷ ትሰፋለች። ስሳሳት ፔዳሉ ይቆማል። ምንም አትለኝም። የመኪናው ድምፅ ጸጥ ሲል ወደ ኋላ ተመልሼ የተናገርኩትን እፈልጋለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ አዘጋጆች ጽሑፌን ቆርጠውብኛል፤ እንደዚያ ጸጥታ ያስደነገጠኝ የለም።

አንዳንዴ ደግሞ እሷ ታስረዳኛለች። ሁለት ነገሮች ሲዋሐዱ ቀድሞ የሚያልቀው ውጤቱን ይወስናል የሚለውን ትምህርት እኔ በቁጥር ተጠላልፌ ሳለሁ፣ ቁልፍ የያዘ ጣሳ አነሣች። «ለአንድ ሸሚዝ ሰባት ቁልፍ ነው። ጨርቁ ለአሥር ሸሚዝ ይበቃል። ቁልፉ ግን አርባ ሁለት ነው። ስንት ሸሚዝ አስረክባለሁ?»

«ስድስት።»

«የአራቱን ጨርቅ ምን ላድርገው?»

«ይተርፋል።»

«አዩ፣ ያውቃሉ እኮ!» አለች እህቷ ከጥግ። «ሲጽፉት ነው የሚከብድዎት።»

ፖሊመር ላይ የደረስን ቀን ጫልቱ ከአዲስ ጣቃ አንድ ክር መዘዘችና ክብሪት ጫረች። ሰፊዎች የሚያደርጉት ነው፤ ነጋዴው ንጹህ ጥጥ ነው ሲል ክሩን ያቃጥሉታል። የጥጡ ክር እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ሆነ። ቀጥላ የፖሊስተር ክር ለኮሰች፤ ተሸመቀቀ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ጠንክሮ ቀረ።

«ለምን?» አልኩ።

«አሥራ አምስት ዓመት ሳቃጥል ኖሬያለሁ» አለች። «ለምን ብዬ አላውቅም።»

የዚያን ዕለት አልሰፋችም። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፍተን፣ ሁለቱም ክሮች ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን፣ አንዱን ተክል ሌላውን ፋብሪካ እንደሠራው፣ ሰንሰለቶቹ የተያያዙበት መንገድ ስለሚለያይ እሳት ሲነካቸው እንደሚለያዩ አየን። ጫልቱ ቪዲዮውን አራት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ የቀለጠውን ዶቃ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። እኔ ደግሞ ይህን ምዕራፍ ነበር የነፈግኳት። ለአንድ ልብስ ሰፊ።

ቪዲዮ ጥሩ መምህር ነው ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ አይሰለችም እላለሁ። ስድሳ ተማሪ ፊቱ የተቀመጠበት መምህር አንድን ነገር አራት ጊዜ ሊመልስላት አይችልም። ቪዲዮው ግን ፊቷን አያይም። ግር ሲላት አያውቅም፤ ይቀጥላል። የሚያቆመው ሰው ያስፈልጋል። በየሰፈሩ ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወንድም ነው? ጎረቤት ነው? ጋዜጣ ላይ ብሆን የሚቀጥለው ዘገባዬ ይህ ይሆን ነበር።

ሠንጠረዡ በስምንት ወር አለቀ። ሠላሳ አንድ መስመር ነው። ምዕራፉ፣ ቪዲዮው፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሚታይ፣ በመጨረሻም ቪዲዮው የዘለለው ነገር ወይም የእኔ አጭር ማስታወሻ። እያንዳንዱን መስመር ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቻለሁ፤ እያንዳንዱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ጫልቱ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። የፈተናው ጊዜ ደርሶ ለመፈተን ወደተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ እህቷ ሸኘቻት። እኔ አልሄድኩም። ፈተና ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ለተፈታኝ አይጠቅምም።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። መጠበቅ ሥራዬ ነበር፤ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሙሉ ቀን ቆሜ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ከበደኝ። ለማንም ብነግር ሊስቅብኝ ስለሚችል ለማንም አልነገርኩም።

ውጤቱ ይፋ የሆነ ቀን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ስለነበር ኔትወርኩ ተጨናንቆ መደወል አልተቻለም። በእግሬ ታክሲ ተራ ወጣሁና ሀና ማርያም ሄድኩ። ከሩቅ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ ሱቁ እስከ ደጃፉ ሰማያዊ ጨርቅ ሞልቶታል። ጫልቱ እየሰፋች ነው። ፊቷ ምንም አይናገርም። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ፔዳሉን አቆመች።

«ጋሼ፣ አሥራ አራተኛው መስመር ስህተት ነው።»

«ምኑ?»

«ማስታወሻው። ካቶድ ሁልጊዜ አሉታዊ ነው ብለዋል። ያ ውሕድን በኤሌክትሪክ ኃይል ስንነጣጥል ነው። ባትሪ ላይ ሲሆን ይገለበጣል፤ አዎንታዊ ነው። ፈተናው ላይ ተሳስቼ ነበር፤ ደግሜ ሳስበው ነው ያስተካከልኩት። ያርሙት።»

ሠንጠረዡን ከግድግዳው ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ላርመው? ለምን ነቀልሽው?»

«ጎፋ አራት ሴቶች በግላቸው ሊፈተኑ ነው፤ ስጪን ብለውኛል። እኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እኔ ጨርሻለሁ።»

እህቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እየሳቀች ወይም እያለቀሰች ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላጣራሁም። ጫልቱን ግን ውጤቱን አሳዪኝ አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ። ስሟን እስከ አያቷ፣ የመለያ ቁጥሯን ከመግቢያ ወረቀቷ ጋር፣ ድምሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አልፋለች።

ከዚያ የጨርቁን ክምር ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩና አሥራ አራተኛውን መስመር በሁለት ሰረዝ ሰረዝኩት።